የእናቴ ኪራይና የእኔ ኪራይ



ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጉብሬ ውስጥ ከምናዘወትራት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ቤት ኪራይ ወሬ ተነሣ። አንድ ወንድማችን እንዲህ አለ፦ «ዙልም ማለት ይሄ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይከፍልም። እኛ ለአንዲት ጠባብ ክፍል የወር አስቤዛችንን እናስረክባለን። መንግሥት ሁሉንም እኩል በገበያ ዋጋ ማስከፈል አለበት።» ብዙዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዝም ብዬ ሻዬን አማስላለሁ። በማኪያቶ ዋጋ የምትኖረው ሰው እናቴ ናትና።

ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ለሁለት ክፍል ቤት በወር 8 ብር ከ50 ሳንቲም ትከፍላለች። ብዙ ጊዜ የዓመቱን ባንድ ላይ ትከፍልና ደረሰኙን ቁርኣኑ ካለበት መደርደሪያ ላይ ታኖረዋለች። እኔ ደግሞ በዚህ ዓመት ከዶርም ወጥቼ ጉብሬ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ በወር 2500 ብር። የአንድ ወር ኪራያችን እናቴን ከ24 ዓመት በላይ ያኖራታል። ይህን ስሌት የሠራሁት እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለአፍታ እኔም «ልክ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የእናቴ ኪራይ ማነሱ እኔን ምንም አልበደለኝም። የእሷ ኪራይ ነገ ሦስት ሺህ ብር ቢገባ የእኔ አንድ ብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ከቤቷ ወጥታ እኔ በምፈልጋት ሰርቪስ ክፍል ላይ አብራኝ ትሻማለች። እኔን የሚጎዳኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም አላነሣውም።

መጀመሪያ ስለዚያ «ርካሽ» ቤት ጥቂት ልበል። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ሽንት ቤቱን ለአምስት አባወራ እንጠቀምበታለን። ክረምት ሲገባ እናቴ ባልዲና ድስት የምትደረድርበትን ቦታ በቃሏ ታውቃለች። ግድግዳ ለመለሰን እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ትልቅ እድሳት የተደረገው አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት እያለ ነው፤ ወጪውም ከኪሱ ነበር። ቤቱን መሸጥ አትችልም፣ አስይዛ መበደር አትችልም፣ ለልማት ይፈለጋል ከተባለች መልቀቅ አለባት። በርበሬ ቸርችራ አራት ልጅ ያሳደገች ሴት በዚህ ሁኔታ የምትከፍለው 8 ብር ከ50 ስጦታ ነው ወይስ ቤቱ የሚያወጣው? ለእኔ ከሁለተኛው የራቀ አይደለም።

ይህ ዓይነት ኪራይ ከየት መጣ? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ቀረለት፤ የሚያከራየው ሁሉ ተወረሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ደግሞ እስከ ግማሽ የሚደርስ ቅናሽ ተደረገላቸው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለወጠ፣ ብሩ ስንት ጊዜ ወደቀ፤ የብዙ ቀበሌ ቤቶች ኪራይ ግን ያኔ በተቆረጠበት አካባቢ ቆሞ ቀረ። በአዲስ አበባም እንዲሁ ከ10 ብር በታች የሚከፈልባቸው ቤቶች ነበሩ። የእናቴ ደረሰኝ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልፌ ብሄድ አማናን ማጉደል ይሆንብኛል። እነዚያ ቤቶች ባለቤት ነበራቸው። በተለይ እኛ ጉራጌዎች ይህን እንዳላወቅን መሆን አንችልም፤ ከገጠር ወጥቶ፣ መርካቶ ተሸክሞና ነግዶ፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሞ ሁለት ሦስት የኪራይ ክፍል የሠራ ሰው በየቤታችን ታሪክ ውስጥ አለ። ያለ ፈቃዱ ተወሰደበት። ልጅ ሳለሁ መድረሳ ውስጥ ስለ ገስብ፣ ማለትም የሰውን ንብረት በጉልበት ስለ መውሰድ ስንማር ቤት ሄጄ እናቴን «ይህ ቤት ሐላል ነው?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። እሷም «እኔ የተከራየሁት ከመንግሥት ነው፤ የወሰደው ይጠየቅበት» አለችኝ። መልሷ ሙሉ በሙሉ አላረካኝም፤ ዛሬም አያረካኝም። ግን ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ያ ቤት በሰው ላብ የተገኘ ከሆነ ቢያንስ ለተባለለት ዓላማ፣ ለችግረኛ መጠለያነት፣ መዋል አለበት። ለሌላ ሰው ትርፍ ማግኛ ከሆነ በደሉ እጥፍ ይሆናል።

ፉቀሃዎች የወቅፍ ቤትን በተመለከተ የጻፉት እዚህ ላይ በጣም ይረዳናል። የቀበሌ ቤት ወቅፍ ነው እያልኩ አይደለም፤ ይመስለዋል እንጂ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ፣ ጥቅሙ ግን ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ እንዲውል፣ የሚያስተዳድረውም ሰው ሀብት ሳያከማችበት በአግባቡ እንዲመገብ መወሰናቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከዚህ ተነሥተው ዑለማዎች ሁለት ነገር ለይተዋል። ወቅፉ ገቢው ለድሆች እንዲውል ተብሎ የሚከራይ ከሆነ ሙተወሊው ከኡጅረተል ሚስል፣ ማለትም መሰል ቤት ከሚከራይበት ዋጋ፣ በጣም ዝቅ አድርጎ ማከራየት አይችልም፤ የድሆችን ሐቅ ለተከራዩ መስጠት ይሆናልና። ወቅፉ ድሆች ራሳቸው እንዲኖሩበት የተደረገ ከሆነ ግን የገበያ ዋጋ ጥያቄ አይነሣም፤ መኖራቸው ራሱ የወቅፉ ዓላማ ነው። የኋለኞቹ ሐነፊዮች ደግሞ የወቅፍ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ ባንድ ውል እንዳይከራይ ከለከሉ። ለምን? ተከራዩ ብዙ ሲቆይበት የራሱ ንብረት እንዳይመስለው፣ ሰውም የእሱ ነው ብሎ እንዳይመሰክርለት።

እንግዲህ ሻይ ቤት ውስጥ የነበረውን ክርክር በዚህ ሚዛን እንየው። በቀበሌ ቤት የምትኖር ችግረኛ በገበያ ዋጋ ትክፈል ማለት የቤቱን ዓላማ መሻር ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖር፣ ወይም የማይኖርና ቁልፉን ብቻ የያዘ፣ አቅም ያለው ሰው 8 ብር ይክፈል ማለት ደግሞ የድሆችን ሐቅ ለሀብታም መስጠት ነው። ሁለቱ ሰዎች በቀበሌው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ላይ ሰፍረዋል። ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ቡታጅራ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት አለ። በስሙ የተመዘገበው ሰው የራሱን ቤት ሠርቶ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የቀበሌውን ኪራይ ግን አያቋርጥም፤ በየዓመቱ ሳያሳልፍ ይከፍላል። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው አዲስ የተቀጠረ ወጣት መምህር ነው፤ የሚከፍለው 3000 ብር። ቀበሌ ሰው ሲልክ መምህሩ «ደባል ነኝ፣ የአክስቱ ልጅ ነኝ» እንዲል ተመክሯል። ሕዝቡ ጥቂት ብር ያገኛል፣ መምህሩ የገበያ ዋጋ ይከፍላል፣ መሐል ያለው ሰው ምንም ሳይሠራ ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። በአንድ ዘመን በየስብሰባው የሰለቸን «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለው ቃል ቃል በቃል የሚገጥመው ሰው ካለ ይሄ ነው። ሌሎች ደግሞ ጭራሽ ቁልፉን ሸጠው ይሄዳሉ። በቡታጅራ ብቻ የሚሠራ ጉድ እንዳይመስላችሁ፤ በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ማጣራት ሲደረግ በማይገባቸው ሰዎች እጅ የነበሩ የቀበሌ ቤቶች ተገኝተው ለችግረኞች ተላልፈዋል።

በፊቅህ ተከራይቶ ማከራየት በመሠረቱ ክልክል አይደለም። በእኛ አገር ብዙዎቻችን የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ የተከራየውን ከተረከበ በኋላ በትርፍም ቢሆን ማከራየትን ይፈቅዳል። ሐነፊዮች ይጠበቃሉ፤ ቤቱ ላይ አንዳች ማሻሻያ ሳያደርግ ከከፈለው በላይ ያከራየ ሰው ትርፉን ሰደቃ ያውጣው ይላሉ። ግን ይህ ሁሉ ስለ ተራ ኪራይ የተነገረ ነው። የቀበሌ ቤት የተሰጠው ሰው «ችግረኛ ነኝ፣ ልኑርበት» ብሎ ነው፤ ባለቤቱ ሕዝቡ ደግሞ ለሦስተኛ ወገን እንዲያስተላልፈው አልፈቀደለትም። በሐሰት መረጃ ይዞ መቆየቱ ከኪራይ ሕግ ወጥቶ ወደ አማና ጉዳይ ይገባል። ፈትዋ መስጠት የዑለማዎቻችን ነው፤ እኔ የምለው ቢያንስ ጁሙዓ ላይ ኹጥባ ይደረግበት፣ ይጠየቅበት ነው። ወላሁ አዕለም።

አሁን ወደ እኔ ኪራይ ልመለስ። ያለፈው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ አከራዬ አንድ ማታ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 3500 ነው፤ ካልተስማማችሁ የሚገባ ሰው አለ» አሉን። ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ውል የለንም። ደረሰኝ የለንም። ስንገባ የሦስት ወር ቅድሚያና የደላላ ከፍለናል፤ ያንንም የሚያሳይ ወረቀት የለንም። ለምነን፣ የሰፈር ሽማግሌ አስገብተን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በነበረው እንድንቆይ ፈቀዱልን። በልመና ማለት ነው። ያን ማታ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ በእናቴና በእኔ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የብሩ መጠን አይደለም። እናቴ ደረሰኝ አላት። ነገ ጠዋት ተነሥቶ «ውጪ» የሚላት ሰው የለም። ጣሪያው ቢያፈስም በሰላም ትተኛለች።

አከራዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ባለቤታቸው ሞተውባቸው በጡረታ የሚኖሩ ናቸው፤ ጓሮ ያሉት ሦስት ሰርቪሶች ናቸው ቀለባቸው። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ፣ የጤፍ ዋጋ እኔን እንደሚያየኝ እሳቸውንም ያያቸዋል። ስለዚህ «አከራይ ሁሉ ጨካኝ ነው» የሚለውን ወሬ አልወደውም። ደግሞም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ዋጋ ንሮ ሰዎች ተመን እንዲያወጡላቸው ሲጠይቋቸው እንዳልተቀበሉ፣ በማንም ሰው ንብረት ላይ በደል ሳይኖርባቸው አላህን መገናኘት እንደሚሹ መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ የሚያውቁ ወንድሞች «ተመን አይቻልም» ብለው ይቆማሉ። ነገር ግን ኢብኑ ተይሚያህ በሒስባ ኪታባቸው ያብራሩትም አብሮ ይነበብ፦ ዋጋው የጨመረው በዕቃው ማነስና በፈላጊው መብዛት ብቻ ከሆነ ሰውን ማስገደድ በደል ነው፤ ባለ ንብረቱ የሰውን መቸገር ይዞ ከመሰሉ ዋጋ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ግን በመሰሉ ዋጋ እንዲሸጥ ማድረግ ፍትሕ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) የመካ ሰዎች በሐጅ ወቅት ለቤቶቻቸው በር እንዳያበጁ፣ ሑጃጁ በተገኘው ቦታ እንዲያርፍ ማዘዛቸው ይነገራል። ወቅት ጠብቆ መጨመር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ምዝገባ ሲደርስ ጉብሬ የሚሆነውን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

በወልቂጤ የፈላጊው መብዛት እውነት ነው። በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወልቂጤ የክልል ቢሮዎች መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆነች፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። የመንግሥት ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ሰው ሲጨምር የቀበሌ ቤት ግን አልጨመረም። አብዛኛው ከ1967 በፊት የተሠራ ነው፤ በየዓመቱ ይፈርሳል እንጂ አይታደስም። እኔ እናቴን የምቀናባት በዚህ ብቻ ነው፤ እሷ ገብታለች፣ በሩ ከኋላዋ ተዘግቷል።

በሌላ አገር እንዲህ አይደለም። የኦስትሪያዋ ቪየና፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1923፣ ለቤት ግንባታ ብቻ የሚውል ግብር ጥላ ለሠራተኛው ቤት መሥራት ጀመረች። ቅንጡ ቤት ያለው ብዙ፣ ጎስቋላ ቤት ያለው ጥቂት ይከፍል ነበር። ዛሬ ከተማዋ ራሷ የምታከራያቸው ቤቶች 220 ሺህ ገደማ ናቸው። ቤቱ ብዙ ስለሆነ የግል አከራዩም እንዳሻው መጨመር ይከብደዋል፤ ተከራዩ ሌላ መሄጃ አለውና። እኛ ቪየና አይደለንም፣ ገንዘቡም የለንም። ግን የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 እንኳ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለዜጎች መኖሪያ ቤት ማዳረስን ከፖሊሲ ዓላማዎች ጋር ይቆጥረዋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የተወረሰ ጭቃ ቤት እያከራዩ አዲስ አለመጨመር በአቅም ማነስ ብቻ አይገለጽም።

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄ ነው። የቀበሌ ቤቶች መዝገብ በሁለቱም ከተሞች ቤት ለቤት እየተዞረ እንደገና ይጣራ። የራሱ ቤት ያለው ይልቀቅ፤ የተለቀቀው ለችግረኛ በግልጽ ይሰጥ። ችግረኛ የሆነው ባለበት ኪራይ ይቆይ። አቅም ያለውና ሌላ ቤት የሌለው ደግሞ ገቢውን ያገናዘበ ኪራይ ይክፈል፤ ያ ብር ወደ ሌላ ቋት ሳይገባ ለጣሪያና ለሽንት ቤት ይዋል። እናቴ ኪራይዋ 50 ብር ቢገባና ቆርቆሮዋ ቢቀየርላት ደስ ይላታል፤ ጠይቄያታለሁ። «መቶም ልክፈል፣ ባልዲውን አንሡልኝ» ነው ያለችኝ።

የግል ኪራዩን በተመለከተ ሕግ አለ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣ ተመን ብቻ እንዲሆን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይላል። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ በክልል ግን ክልሉ በሚሰይማቸው ከተሞች ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ ተማሪ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ሊጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከተማችን ተሰይማለች ወይ? ካልተሰየመች መቼ?» የሚል ነው። የእናቴን 8 ብር ከምንቆጥር ይህን ብንጠይቅ ይጠቅመናል። ደግሞም አንዳችን የሌላውን የቀበሌ ቤት በደላላ ከምንከራይ፣ «የአክስቱ ልጅ ነኝ» ከምንል፣ ብንቸገርም ብንተወው።

ሕግ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራ ልስጣችሁ፦ አንድ ገጽ የኪራይ ውል በቀላል አማርኛ አዘጋጁልንና በጀመዓው በኩል ይባዛ። እስከዚያው እኔ በራሴ ሞከርኩ። ባለፈው ሳምንት በእጄ ጽፌ አከራዬ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። «አታምነኝም እንዴ ልጄ?» አሉ፤ ትንሽ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። በቁርኣን ረጅሙ አያ የብድርን ውል ስለ መጻፍ መሆኑን አስታወስኳቸው። «እሱስ እውነት ነው፤ በል አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩ። አከራይ ማስለቀቅ ከፈለገ ሁለት ወር ቀድሞ ይነግራል የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«አንተስ? ስትወጣ ሁለት ወር ቀድመህ ትነግረኛለህ?»

እሱን አልጻፍኩትም ነበር። እስክሪብቶ ተውሼ ከሥሩ ጨመርኩት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።